የዶርዜ ቤትና ዝሆኑ

በካምቦዲያ፣ በአንኮር ዋት ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ 49 ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ ቅርጽ አለ። አማልክትና አጋንንት ግዙፍ እባብ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ፤ የወተት ባሕር ይናጣል። ማማሰያ የሆነውን ተራራ ከሥር በጀርባዋ የተሸከመችው ኤሊ ናት። በ12ኛው መቶ ዘመን ያን ድንጋይ የጠረቡት የክመር ጥበበኞች በእጃቸው ያለቀለት ታሪክ ነበራቸው፤ ኤሊዋ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አንዷ መገለጫ ናት። ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ቅርጹን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ፣ በጉጌ ተራሮች ላይ የሚገኘው የዶርዜ ሕዝብ ቤት እንዲህ አይነበብም። ለእንግዳ የሚነገረው ሁሌም አንድ ነው፦ ቤቱ የዝሆን ራስ ነው፣ ወደፊት ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው ነው፣ ከመግቢያው በላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹ ናቸው፤ ድሮ ዝሆን በአካባቢው ስለነበረ አባቶች በአምሳሉ ሠሩት። እንግዳው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ዝሆኑን ያየ ሰው ቤቱን ሳያየው ቀረ።

ጠጋ ብለን እንየው። ግድግዳና ጣሪያ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ሽመና ነው። እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ድረስ ሸማኔነቱ የተመሰከረለት ሕዝብ ቤቱንም የሸመነው በጣቱ ነው። ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይለብሳል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሰውና ከብት አብረው ያድራሉ፣ ምድጃው ይነዳል። ጭሱ ቀርከሃውን ጥቁር አድርጎ ያጠነዋል፣ ነፍሳትንም ያርቃል፤ ከዚያ በእነዚያ «ዓይኖች» በኩል ይወጣል። ዝሆኑ የሚያየው በጭስ መውጫው ነው ማለት ነው። ቅርጽና አገልግሎት እንዲህ የተዋሃዱበት ሥራ በአገራችን ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ዕድሜው ነው። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ከፍታ ይደርሳል ይባላል። ምስጥ ግን ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እንዲሁ። ካስፈለገም ሰዎች ተጋግዘው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ከ60 ዓመት በላይ ኖሮ ያጠረ ቤት የቤተሰቡን ዕድሜ በቁመቱ ያሳያል። የአንኮሩ ድንጋይ ጊዜን ለመቋቋም ተጠረበ፤ ይህኛው ከጊዜ ጋር አብሮ እንዲቀንስ ተሠራ። ለእኔ ሁለተኛው የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ታዲያ የዝሆኑ ታሪክ ውሸት ነው? አይደለም። ዶርዜ ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ እዚህ ላይ ይረዳናል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ብለው ነግረውታል፤ ከብታቸውን ግን በጾሙም ቀን እንደወትሮው ይጠብቃሉ። ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ ምልክት እንደ መዝገበ ቃላት ፍቺው አጠገቡ የተቀመጠለት ነገር አይደለም ይላል፤ ስለ ምልክቱ የሚሰጠው ማብራሪያም ራሱ የምልክቱ ቅጥያ ነው። እስማማለሁ። ስለ ዝሆኑ የሚተረከው የቤቱ ቁልፍ አይደለም፤ ከምድጃውና ከከብቱ ጋር አብሮ የሚኖር የቤቱ ሌላ ክፍል ነው።

ችግሩ ትረካው ብቻውን ሲቀር ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ተብለው በዚሁ ቅርጽ የሚሠሩ ቤቶች ኩምቢውንም ዓይኑንም በጥንቃቄ ይቀዳሉ፤ እሳት ግን አይነድባቸውም፣ ከብት አይገባባቸውም። ጭስ የማያጥነው ቀርከሃ ለነፍሳት የተጋለጠ ነው፤ ዓይን የተባለውም ቀዳዳ ሥራ ፈትቷል። በመንደሩ ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት እየበዛ ነው። ቆርቆሮ ያለበሰውን ሰው አልወቅስም፤ ሽመናው ብዙ ቀርከሃና ብዙ እጅ ይፈልጋል። ቅርጹን ለገበያ የሚያቆሙት ግን ከዝሆኑ ይልቅ ሸማኔውን ቢያስቀድሙ፣ ለጎብኚውም ሽመናው እንዴት እንደሚጀመርና ምስጥ የበላው እንዴት እንደሚቆረጥ ቢያሳዩት፣ ምድጃውንም ቢያነዱት ምን አለበት?