የጎረቤታችን አምላክ በማን ቃል ይጠራ?

ጁባ የባሪ ሕዝብ አገር ናት። በነጭ ዓባይ ዳር በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ ነግደን፣ ምግብ ቤት ከፍተን፣ ልጅ አሳድገን የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች የባለአገሩን የእምነት ቃል ምን ያህል እናውቃለን? ጥያቄውን ያስነሣብኝ አንድ አጭር የትርጉም ሥራ ነው። «ንጉን» የሚለውን የባሪ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር ብዕሬ ቆመ። ባሪዎች የላይኛው ንጉንና የታችኛው ንጉን ይላሉ፤ የላይኛው ከዝናብ፣ የታችኛው ከምድርና ከእርሻ ጋር ይያያዛል። «እግዚአብሔር» ብለው ይህ ሁለትነት ይጠፋል፤ «ጣዖት» ብለው ደግሞ መሳደብ ይሆናል።

ይህ የአንድ ተርጓሚ ጭንቀት ብቻ አይደለም። የሃይማኖት ፍልስፍና የሚባለው የትምህርት ዘርፍ በምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን ከሞላ ጎደል የአንድ አምላክ፣ ያውም የክርስትናው አምላክ፣ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። አሁን ግን በሩ ለዓለም ሁሉ ይከፈት የሚሉ ሊቃውንት በርክተዋል። ዓላማው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በር መክፈት አንድ ነገር፣ የገባው እንግዳ በራሱ ቃል እንዲናገር መፍቀድ ሌላ ነገር ነው።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። የአፍሪካ ፍልስፍና ሲነሣ ቶሎ የሚጠራው «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» ነው። መጽሐፉ በ1904 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኤኖ ሊትማን ታተመ፤ በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሣ፤ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ እኔም እዚህ ፍርድ አልሰጥም። የምጠይቀው ግን መጽሐፉ ለምን ቀድሞ ተመረጠ ብዬ ነው። የተጻፈ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን በልቡናው ስለሚመረምርበት፣ ባጭሩ ዴካርትን ለለመደ ዓይን እንግዳ ስለማይሆን ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ብቻ የሚያስገባ በር ገና በደንብ አልተከፈተም።

ያልተጻፈውን ያዳመጡ አልጠፉም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት፣ ጎድፍሬይ ሊንሃርት በ1961 ስለ ዲንካ ሃይማኖት ያሳተሟቸው መጻሕፍት ከዚህ አገር የተቀዱ ናቸው። የኑዌር «ኩዎዝ» ከእስትንፋስና ከነፋስ ጋር የተዛመደ ቃል መሆኑን ፕሪቻርድ አስረድቷል። መንፈስን፣ ነፍስንና ነፋስን ከአንድ ሥር ለሚያበቅል አማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። የዲንካ «ኒያሊች» ደግሞ ቃል በቃል «በላይ» ማለት ነው፤ ሊንሃርት ችግሩ ገብቶት «አምላክ» በማለት ፈንታ «መለኮት» የሚል ሰፋ ያለ ቃል መረጠ። ጥንቃቄው ያስመሰግነዋል።

ይሁን እንጂ ዩጋንዳዊው ባለቅኔ ኦኮት ፒቢቴክ ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶችና ስለ ምዕራባውያን ምሁራን በጻፈው መጽሐፍ ሁሉንም ገሥጿል፤ ጆን ምቢቲን የመሰሉ አፍሪካውያን እንኳ የአባቶቻቸውን አማልክት የግሪክ ካባ ያለብሳሉ ብሎ ወቅሷል። የሚነግረን ታሪክ ለተርጓሚ ሁሉ ትምህርት ነው። በ1911 የጣሊያን ካህናት የአቾሊ ሽማግሌዎችን «ማን ፈጠራችሁ?» ብለው ጠየቁ። በቋንቋው ለ«ፈጠረ» የሚስማማ ቃል ባለመኖሩ ጥያቄው «ማን አበጃችሁ?» እንደ ሸክላ ማለት ሆነ። ሽማግሌዎቹ የሰውን አከርካሪ በበሽታ የሚያጎብጠውን መንፈስ አስታውሰው «ሩባንጋ» አሉ። ካህናቱም ስሙን ለክርስቲያኖች አምላክ ሰጡት። ሽማግሌዎቹ አልዋሹም፤ ስሕተቱ ጥያቄው ውስጥ ነበር።

ባሪም ጥያቄያችንን ይፈትነዋል። ፈላስፎች «አምላክ ቸር ከሆነ ክፉ ነገር ከየት መጣ?» ሲሉ ኖረዋል። ባሪዎች ግን ዝናብ ሲጠፋ ዝናብ አውራጁን ይጠይቁት ነበር፤ በጎንዶኮሮ ከሚሲዮናውያን ጋር ወዳጅነት የነበረው ኒጊሎ በድርቅ ምክንያት በገዛ ወገኖቹ ተገደለ። ግድያው አያስመሰግንም። ነገር ግን ድርጊቱ ውስጥ ሐሳብ አለ፤ የመከራ ተጠያቂ ማነው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ለሰማይም ለምድርም ምን ዕዳ አለበት የሚል። መጽሐፍ አልተጻፈበትም ብሎ ሐሳብ አይደለም ማለት አይቻልም።

ወቀሳው ወደ እኛም ይመለሳል። አውሮፓውያን ፍልስፍና የላችሁም ሲሉን እንቆጣለን፤ እኛ ግን የጋምቤላን ኑዌርና አኙዋ፣ የኦሮሞን ዋቄፈና ለዘመናት «አረመኔ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን አልፈናል። «እግዚአብሔር» የሚለው የእኛው ቃል «እግዚእ»ንና «ብሔር»ን አጣምሮ «የምድር ጌታ» ከማለት መነሣቱን ብናስታውስ ኖሮ፣ የሌላው ሕዝብ አምላክ በላይና በታች፣ በነፋስና በዝናብ ስም መጠራቱ ባላስገረመን ነበር።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ዘርፉን ሰፊ የሚያደርገው የስም ዝርዝር ሳይሆን የቃላት አያያዝ ነው። እኔም በመጨረሻ «ንጉን»ን በአማርኛ ቃል አልተካሁትም፤ እንዳለ ጽፌው ማብራሪያ ጨመርኩበት። አንባቢ ይሰናከልበት ይሆናል። ይሰናከል፤ ቆሞም አጠገቡ ያለውን የባሪ ጎረቤቱን ትርጉሙን ይጠይቅ።