የመገጭ ዓሣ በብርቱካን መረብ

በአንድ ማትናስ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ስድስት የኮላጅ ሥራዎች ተሰቅለዋል። ሠርተው ያቀረቧቸው ደምቢያ ተወልደው ያደጉ፣ እዚህ አገር ለብዙ ዓመታት በብየዳ ሥራ የኖሩ፣ ከጡረታ በኋላ ሙጫና መቀስ ያነሡ አባት ናቸው። ሁሉም ሥራዎች ስለ ዓሣ ናቸው። መግቢያው ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ «የልጅነት ትዝታ» ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁ። እውነቱን ለመናገር አራቱ ያማሩ ናቸው፤ ሁለቱ ግን እውነተኛ ናቸው። ልዩነቱን ላስረዳ።

ኮላጅ ከሥዕል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የተለጠፈው ዕቃ የራሱን ኑሮ ይዞ ይመጣል። ፒካሶ በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት የሰም ጨርቅ ሸራው ላይ ሲለጥፍ፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን የቤት ዕቃ ወደ ሥዕሉ አስገባ። ሻጋል ደግሞ አባቱ በሄሪንግ ዓሣ ነጋዴ ዘንድ ይሠሩ ስለነበር ዓሣ በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ግን ዓሣውን በቀለም ነው የሚሠራው። ኮላጅ የሚሠራ ሰው ሌላ ጥያቄ አለበት። ይህ ጨርቅ፣ ይህ ገመድ እዚህ ምን ያደርጋል? ካልጠፋ ነገር ለምን እሱ ተመረጠ?

አራቱ ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም። ዓሣዎቹ ከጥለት የተቆረጡ ናቸው፤ ቅርፊታቸው የሚያብለጨልጭ ጌጥ ነው፤ ሐይቁ ሰማያዊ ሳቲን ነው፤ በላዩ የደንገል ታንኳ ይንሳፈፋል። ማንም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቢሰቅለው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ታንኳ መሥራትና መቅዘፍ የጣና ዳር ሰዎች፣ በተለይም የወይጦዎች ሙያ ነው። ሠዓሊው ያጠመዱት በመገጭ ወንዝ፣ በመንጠቆ፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ነው። ጠየቅኋቸው፤ በሕይወታቸው ታንኳ ላይ ወጥተው አያውቁም። ታዲያ ይህ ትዝታ የማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የፖስት ካርዱ ነው። ሰው ስለ አገሩ ደጋግሞ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው የሚጠብቀውን ሥዕል ማስታወስ ይጀምራል።

አምስተኛው ሥራ ከዚህ ወጥመድ ያመልጣል። ሰማያዊ ቀለም የለውም። ወንዙ የክረምት ወንዝ ነው፤ በቡና የተነከረ ጆንያና የተጨፈለቀ የእንቁላል ካርቶን። የጣና ትልልቅ ባርበሶች፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በክረምትና በመስከረም እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። አጥማጁም ይህን ያውቃልና የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። በሥራው ላይ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል፤ ጭንቅላታቸው ቀይ መረብ ውስጥ ተሰክቷል። መረቡ ከሹክ የተገዛ ብርቱካን የመጣበት ነው፤ የዕብራይስጥ ምልክቱ እንኳ አልተነሣለትም። ይህን መረብ ሁላችንም በእጃችን ቀደን እናውቃለን። ስለዚህ እዚህ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። መውለጃው ደጃፍ ላይ ስለሚያዝ ፍጡር የሚናገር ሥራ ነው፤ ሌላውን እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምርበት።

ስድስተኛው «አምባዛ» ይባላል። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አካሉ ጥቁር የብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ጢሙ የተበየደ ሽቦ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። በኦሪት ዘሌዋውያን 11 መሠረት ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም፤ ስለዚህ ልጆቹ አምባዛ ሲይዙ ዳር ላይ ይጥሉት ነበር። ከሥሩ አንዲት የጨርቅ ከረጢት ተሰፍታለች። ውስጧ ባዶ ነው፤ የብርብራ ነው ቦታው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ኩሬ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፤ ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። በዚህ መንገድ መያዝ ቀላል ነው፣ ግን ጫጩቱንም ይጨርሳል። ሠዓሊው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከስድስቱ ሥራዎች አንድ ጥፋት የታመነበት ይኸው ብቻ ነው። ለእኔም ትዝታ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ያለፈውን ሁሉ ንጹሕ አድርገን ለልጆቻችን ካሳየን የሚወርሱት ጌጥ ነው እንጂ ኑሮ አይደለም።

ንጹሑን ብቻ የምናሳየው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በዚህ አገር ወይ በድህነታችን ወይ በጌጣችን ነው የምንታየው፤ ከሁለቱ ጌጡ ይሻላል ብለን ነው። ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አምባዛው እሱን ያሳያል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ እሱም ከሥራው ሳይሆን ከካርዱ ነው። አማርኛው «አምባዛ» ሲል ዕብራይስጡ «ዳግ» ብቻ ይላል፤ ዓሣ ማለት ነው። አማርኛ የማይችል ተመልካች፣ ማለትም አብዛኛው የልጅ ልጅ፣ ይህ የማይበላው፣ የተጣለው ዓሣ መሆኑን በምን ይወቅ? ቃል ጠፍቶ አይደለም። አምባዛ ማለት ክላሪያስ ጋሪፒነስ ነው፤ ያው ዝርያ ኪኔሬት ውስጥ ይኖራል፣ በዕብራይስጥም ሰፋምኑን ይባላል። ሠዓሊው ራሳቸው መጀመሪያ ኪኔሬት ዳር የሄዱ ቀን አይተውት «እዚህ አገር ከሰው በፊት ያወቅሁት እሱን ነው» ብለውኛል። በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለው ድልድይ ይህ ዓሣ ነበር፤ ተርጓሚው ሳያውቅ አፈረሰው።

ካርዱን መቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ዳግ» የሚለው ይነሣና «ሰፋምኑን» ተብሎ ይጻፍ። አያቱን ይዞ የመጣ ልጅ ያን ቃል ካነበበ፣ «ይህንንማ አውቀዋለሁ፤ ለምን ጣላችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ሥራው የተሠራው ለዚያ ጥያቄ ነው።