ጸጥታ የሚከራይበት ሸለቆ

የእረፍት ጎጆ አከራዮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ማስታወቂያቸውን አንብባችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ! «ያልተነካ ተፈጥሮ»፣ «ከሰው ጫጫታ የራቀ»፣ «ጊዜ የቆመበት» የሚሉት ቃላት ከቀሩ ጎጆው ጣሪያ የሌለው ይመስላቸዋል መሰለኝ። ነገሩ ስለ ስኮትላንድ ሸለቆዎች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጉም አለ፣ አጋዘን አለ፣ ማታ ማታ የሚነድ ምድጃ አለ። የሌለ ነገር ቢኖር ሰው ነው። እሱም ቢሆን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ በረከት ነው የሚቀርበው።

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ጎጆ ለሳምንት ተከራይቶ፣ ልጆቹን ይዞ ሰነበተ። ሲመለስ ደወለልኝ።

«አንተ፣ ገነት ነው እኮ! ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግራችን ስንሄድ አንድ ሰው አላገኘንም።»

«ሰዎቹ የት ሄደው ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ድሮም ሰው አልነበረበትም መሰለኝ» አለኝ።

የዛሬው ነገራችን በዚህች «ድሮም» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ወዳጄ የሰነበተበት ሸለቆ ስትራዝኔቨር ይባላል። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሰዘርላንድ በተባለው አውራጃ ይገኛል። ኔቨር የተባለው ወንዝ ከሐይቁ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወርድና ቤቲሂል ከተባለች መንደር አጠገብ ባሕር ይገባል። በሳልሞን ዓሣ የታወቀ ወንዝ ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ፣ ቡናማ ከሆነው ኮረብታ መሀል ለምለም ሣር የለበሱ ቦታዎች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ጎብኚ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ ያነሳል። ገበሬ ያሳደገው ሰው ግን ቆም ብሎ «ይሄ መሬት ታርሶ ያውቃል» ማለቱ አይቀርም።

ታርሶም ያውቃል። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በሸለቆው ውስጥ ጌሊክ ተናጋሪ ገበሬዎች ከብት እያረቡ፣ አጃና ገብስ እየዘሩ በየመንደሩ ይኖሩ ነበር። መሬቱ ግን የእነሱ አልነበረም፤ ጭሰኞች ነበሩ። ባለርስቷ የሰዘርላንዷ ካውንተስ ኤልሳቤጥ ነበረች፤ ባሏም በዘመኑ ከነበሩት ቱጃሮች አንዱ ነበር። የበግ ሱፍ ዋጋ ተወደደ፤ ሒሳብ ተሠራ፤ «ከጭሰኛ በግ ይሻላል» ተባለ። እኛ ድሮ ምስለኔ እንለው የነበረው ዓይነት የርስት አስተዳዳሪ፣ ፓትሪክ ሴለር የተባለ ሕግ አዋቂ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ሰዉን ማስወጣት ጀመረ። ጉዱ ደግሞ መሬቱን ለበግ እርባታ የተከራየው ሴለር ራሱ መሆኑ ነው! አስወጪውም ገቢውም አንድ ሰው።

ሰዉ ተመልሶ እንዳይገባ የጣሪያው እንጨት እሳት ተለቀቀበት። ሴለር በቤት ማቃጠልና በሰው ሕይወት መጥፋት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1816 ኢንቨርነስ ከተማ ችሎት ቆመ። ሊፈርዱ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል በርካቶቹ ባለመሬቶች ነበሩ፤ በነጻ ተሰናበተ። ዋናው ማፈናቀል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1819 ነው። ሮዛል በምትባለው የሸለቆው መንደር የተወለደው ግንበኛ ዶናልድ ማክላውድ አንድ ሌሊት ከፍታ ላይ ቆሞ የሚነዱ 250 ቤቶች መቁጠሩን ጽፏል። ከብት አርቢ የነበረው ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተገፍቶ፣ ድንጋያማ ቁራሽ መሬት ተሰጥቶት «ዓሣ አጥማጅ ሁን» ተባለ። ብዙው ባሕር ተሻገረ።

በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ ያለፈ አንባቢ «ይቺን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ማርክስ «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ሰዘርላንድን በምሳሌነት አንስቷታል። በእሱ ሒሳብ 15,000 ሰዎች በነበሩበት ምድር እ.ኤ.አ. በ1825 የተተኩት 131,000 በጎች ናቸው። ስንቱ ካድሬ የሸምድድኩትን ልበል እያለ ይህችን አውራጃ ሳያውቃት ጠርቷት ይሆን?

የእኔ ጸብ ግን ከበጎቹ ጋር አይደለም። ከማስታወቂያው ቋንቋ ጋር ነው። ይህ ቋንቋ ደግሞ ትናንት የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። «የአጎት ቶም ጎጆ»ን የጻፈችው አሜሪካዊት ሃሪየት ቢቸር ስቶው እ.ኤ.አ. በ1853 ብሪታንያን ስትጎበኝ፣ የባለርስቷ የልጅ ሚስት የነበረችው የሰዘርላንድ ደቸስ ለንደን ባለው ቤተ መንግሥት መሳይ ቤቷ ተቀበለቻት፤ የባሪያ እግር ብረት ቅርጽ ያለው የወርቅ አምባርም ሸለመቻት። ስቶው አገሯ ገብታ በ1854 «ፀሐያማ ትዝታዎች» ብላ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉም የሰዘርላንዱን ማፈናቀል፣ ከባለርስቶቹ ወገን የቀረበላትን ማስረጃ ይዛ፣ እንደ ልማት ቆጥራ ተከላከለች። ለአጎት ቶም ጎጆ ዓለምን ያስለቀሰች ብዕር፣ ለተቃጠሉት የሮዛል ጎጆዎች እንባ አጠራት!

ክፉ ሰው ሆና አይደለም። እንግዳ ስለነበረች ነው። እንግዳ ደግሞ የሚያየው ያሳዩትን ነው፤ ያጎረሰውን እጅ መንከስም ይከብደዋል። ካናዳ ተሰዶ የነበረው ግንበኛው ማክላውድ ግን ዝም አላላትም። በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ መልስ ሰጣት፤ ርዕሱንም «ጨፍጋጋ ትዝታዎች» አለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የዛሬዎቹ የጎጆ ማስታወቂያዎች በሙሉ የስቶው ልጆች ናቸው እላለሁ። ፀሐዩን ይነግሩናል፤ ጭሱን አይነግሩንም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ይሁን? ቱሪስት አይሂድ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ ይሂድ! እንዲያውም ሸለቆው ራሱ አይዋሽም። የጎጆዎቹ መሠረት በሮዛል ዛሬም ከነድንጋዩ ይታያል፤ ታሪኩን የሚናገሩ ጽሑፎች በመንገዱ ላይ ተተክለዋል፤ ቤቲሂል ላይ የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ሆኗል። በሌላ በኩል ጎልስፒ ከተባለችው ከተማ በላይ፣ ተራራ አናት ላይ፣ የካውንተሷ ባል ሐውልት ከ1837 ጀምሮ ቆሟል፤ ከነመቆሚያው ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ያፈናቀለው ከሩቅ ይታያል፤ የተፈናቀለውን ለማየት ግን ከመኪና ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል። ብዙው ጎብኚ ደግሞ አይወርድም። «ኖርዝ ኮስት 500» የተባለው 830 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የመኪና ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ሰሜኑን ዙሮ የሚያልፈው ሰው በዝቷል፤ ማለፍ ደግሞ ማየት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የዛሬው ነው። ዛሬ ማንም የማንንም ጣሪያ አያቃጥልም፤ ሁለቱን አንድ ነው ብል ግፍ እሠራለሁ። እንዲያውም በዚያ አካባቢ ከጓሮው ያለችውን አንዲት ጎጆ ለእንግዳ በማከራየት ኑሮውን የሚደጉም፣ በዚያችው ምክንያት አገሩን ያልለቀቀ ቤተሰብ አለ። ግን ደግሞ ባለቤቱ የማይኖርበት ቤት ሁሉ የሳምንት ኪራይ ሲሆን፣ የእንግዳውን አንሶላ የምታነጥፈው ወጣት የት ትደር? ትምህርት ቤቱን የሚሞላው የማን ልጅ ነው? ነገሩ ያሳሰባቸው ሰዎች ስላሉ ነው ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአጭር ጊዜ አከራዮች የፈቃድ ሥርዓት ያወጣችው። ከስትራዝኔቨር ወደ ደቡብ ርቆ በሚገኘው በስፔይ ወንዝ ሸለቆ፣ በባደኖክና ስትራዝስፔይ፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ባለቤቱ የማይኖርበትን ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ ለመለወጥ የፕላን ፈቃድ ያስፈልጋል። አከራዮች አጉረምርመዋል። የእነሱም ሐሳብ ይሰማ። ሆኖም አንድ ሸለቆ በእሳት ባዶ ሊሆን እንደሚችል ያየ አገር፣ በገበያም ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

እኔ ከአከራዮቹ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። «ያልተነካ» የምትለዋን ቃል ያውጧት። ሸለቆው ተነክቷል፤ እጅግ ተነክቷል። በምትኩ «እዚህ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ የቤታቸው መሠረት ከበራችሁ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው» ብለው ይጻፉ። ኪራዩ የሚቀንስ አይመስለኝም። እንግዳው ግን ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያንን የተመሰገነ ጸጥታ ሲሰማ፣ የማን ጸጥታ እንደሆነ ያውቃል።

ቸር እንሰንብት!