የልደት ዜማዎች በአየርላንድ ፓይፕ

በኤውሮፓ የታኅሣሥ ወር ሲያልቅ የአየርላንድ ፓይፕ ተጫዋቾች የዘወትሩን የጭፈራ ዜማ ለጊዜው አቆይተው የልደት መዝሙሮችን ይጫወታሉ። ይህን ልማድ የሚያመሰግኑ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ጨርሶ አንነቅፈውም። ነገር ግን ከሰማናቸው ቅጂዎች ተነሥተን አንድ ጥያቄ ልናቀርብ እንወዳለን፤ ይኸውም ለዚህ መሣሪያ የሚስማማው የትኛው የልደት ዜማ ነው የሚለው ነው። መዝሙሩ ዝነኛ መሆኑ ብቻ ለዚህ መልስ አይሆንም።

አንባቢ መሣሪያውን አይቶት ላያውቅ ስለሚችል አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። ኢለን ፓይፕ የተባለው በአይሪሽ ቋንቋ «ክርን» ከሚለው ቃል ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በአንድ ክንዱ ሥር ያለውን ትንሽ ወናፍ እያናፋ፣ በሌላው ክንዱ ሥር ያለውን የቆዳ ስልቻ በአየር ይሞላል። አፉ ሥራ ስለማይኖረው እየተጫወተ ሊያወራም ይችላል። ዜማው የሚወጣው ሁለት ኦክታቭ ያህል ከሚደርስ፣ ቻንተር ከሚባል ዋሽንት ነው። የዚህን ጫፍ ከጉልበቱ ላይ ሲያሳርፈው ድምፁ ስለሚቆም፣ ማስታዎሻዎቹን ለያይቶ ለማሰማት ይችላል። ከዚህ ሌላ ሬጉሌተር የሚባሉ ቧንቧዎች አሉ፤ ቁልፎቻቸውን በእጅ አንጓ እየተጫኑ ኮርድ ያሰሙባቸዋል። በመጨረሻም ድሮን የሚባሉት ሦስት ቧንቧዎች አንዱን ድምፅ በሦስት ኦክታቭ ሳያቋርጡ ያጉረመርማሉ። ክርክራችን ሁሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው።

ሳይለንት ናይት የሚባለውን መዝሙር እንውሰድ። ግሩበር የተባለው የኦስትሪያ መምህር ዜማውን ያወጣው፣ ሰዎችም መጀመሪያ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ1818 ዓ.ም. የልደት ዋዜማ ኦበርንዶርፍ ላይ በጊታር አጃቢነት ነው። የድምፁ ስፋት አንድ ኦክታቭና አራት ደረጃ ስለ ሆነ ቻንተሩ ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ስለዚህ ለጣት አያስቸግርም። ችግሩ ሌላ ነው። ዜማው የተሠራው ኮርዱ እየተለወጠ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። በሦስተኛው ሐረግ ላይ ጊታሩ ወደ አምስተኛው ደረጃ ኮርድ ሲሻገር፣ ድሮኑ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። ጆሮ በሁለት ወገን ይሳባል። ተጫዋቹ ሦስት መንገድ አለው፤ ወይ ግጭቱን ይታገሣል፣ ወይ በሬጉሌተር ይሸፍነዋል፣ ወይ ድሮኑን በመዝጊያው ይዘጋዋል። በሰማናቸው ቅጂዎች ይህ የመጨረሻው መንገድ ተዘውትሯል፤ የሚሰማውም ጥሩ ግን ቀጭን ነገር ነው። የመሣሪያው ግማሽ ተዘግቶ ሳለ የቀረውን ፓይፕ ብሎ መጥራት ይከብደናል።

የዌክስፎርድ ካሮል የተባለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህን የአገር ቤት መዝሙር ኤኒስኮርቲ ከተማ ውስጥ የካቴድራል ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ግራተን ፍለድ ሰብስቦ አስተላለፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. በወጣው የኦክስፎርድ የካሮል መጽሐፍ ውስጥም ታተመ። በዜማው ውስጥ ሰባተኛው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ እንደ ኦርጋን መዝሙር ወደ ሌላ ኮርድ አይገፋም። ከድሮኑ ላይ ተነሥቶ ይርቃል፣ ተመልሶም እዚያው ያርፋል። ተጫዋቹ የመዝሙሩን ቃል በልቡ እያሰበ እንደ ዘገምተኛ የአየርላንድ ዘፈን ሲያስረዝመውና ሲያሳጥረው፣ ያ የማይለወጥ ድምፅ ከሥሩ ሆኖ ይሸከመዋል። እዚህ ላይ ድሮኑን የሚዘጋ ሰው ቢኖር ዜማው መሬት ያጣ ይመስለናል።

ይህን ስንል ራሳችንንም መመርመር ይገባናል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እነዚህን የኤውሮፓ መዝሙሮች የተማርነው በሃርሞኒየም ነው። የሃርሞኒየሙ ኮርድ በጆሮአችን ስለ ቀረ፣ የዌክስፎርዱን ዜማ መጀመሪያ ስንሰማው ተጫዋቹ የተሳሳተ መስሎን ነበር። የተሳሳተው ግን የእኛ ጆሮ ነበር። ብዙ አድማጭ እንደዚሁ ነው ብለን እንገምታለን፤ ተጫዋቾችም አድማጩን ላለማስቀየም ሲሉ ፓይፑን ትንሽ ኦርጋን ያደርጉታል።

ቺፍተንስ የተባለው ጓድ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ያወጣው «የደብሊን ደወሎች» የተሰኘው ቅጂ በዚህ ረገድ ሊጠና ይገባዋል። የጓዱ መሪ ፓዲ ሞሎኒ ራሱ ፓይፕ ተጫዋች ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ እንግዳ ዘፋኞች በየተራ ይሰሙበታል፤ ደስ የሚያሰኝ ግብዣ ነው፣ ነገር ግን እንግዳው በበዛ ቁጥር ባለቤቱ ከወጥ ቤት አይወጣም። ለእኛ ከሁሉ የበለጠው የሬን ቀን የሚከበርበት ክፍል ነው። በአየርላንድ በልደት ማግሥት ሰዎች ጭምብል አድርገው፣ የገለባ ልብስም ለብሰው፣ ሬን በምትባል ትንሽ ወፍ ስም ከቤት ወደ ቤት እየጨፈሩ ገንዘብ ይለምናሉ። በዚህ ክፍል የበዓሉ ሙዚቃ ከጭፈራ ዜማ ስላልተለየ፣ ፓይፑ የራሱን ቋንቋ ሲናገር ይሰማል።

ሕዝብ የሚወደውን መዝሙር መጫወት ምን ክፋት አለው የሚል ይኖር ይሆናል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ነው፣ ዩኔስኮ ጥበቡን በቅርስነት የመዘገበው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ነው። ከመጥፋት ያዳነው ሌላ መሣሪያ የማይጫወተውን በራሱ መንገድ መጫወቱ ነው እንጂ ኦርጋንን መምሰሉ አይደለም።

«የልደት ዋዜማ» የሚባል አንድ የአየርላንድ ሪል አለ። ከስሙ በቀር የልደት ነገር የለበትም፤ በሐምሌም ይጫወቱታል። ከፓይፕ ተጫዋች ፊት ተቀምጠን ለበዓሉ አንድ ዜማ ምረጡ ብንባል፣ ድሮኑ ተዘግቶ ከሚሰማ ሳይለንት ናይት ይልቅ ይህን ሪል እንለምነዋለን፤ ሦስቱም ድሮኖች ተከፍተው።