ኮል ሚሚ

በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የሚኖሩ አረጋውያን ወገኖቻችን ስልካቸውን በድምፅ እንዲያዙ አግዛለሁ። አብዛኞቹ የያዙት ልጆቻቸው የገዙላቸውን አይፎን ነው። የአንዳንዶቹን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም። ሲሪ ደግሞ አማርኛ አያውቅም፤ ትእዛዙ የግድ በእንግሊዝኛ ይሆናል።

ልጆች ማስተማር የሚጀምሩት ከእናታቸው አፍ ነው፤ "እንደሱ አይደለም እማዬ፣ እንዲህ በይ!" እያሉ ያስጨንቋቸዋል። በሰባ ዓመት የተገራ ምላስ በአንድ ቅዳሜ አይቀየርም። እኔ የማስተካክለው ስልኩን ነው።

አንዲት እናት "ኮል ፀሐይ" ባሉ ቁጥር የሌላ ሰው ስም ይመጣባቸው ነበር። የ"ፀ" ድምፅ በእንግሊዝኛ የለም፤ ሲሪም በቅርብ ያገኘውን ይገምታል።

"እማማ፣ ፀሐይን ቤት ውስጥ ማን ብለው ነው የሚጠሯት?"

"ሚሚ ነዋ!"

ስልክ ቁጥር በሚመዘገብበት ገጽ ላይ የቁልምጫ ስም የሚገባበት መስመር አለ። እዚያ "ሚሚ" ብዬ ጻፍኩ። "ኮል ሚሚ" ሲሉ ወዲያው ጠራ፤ እሳቸውም "ሰማኝ እኮ!" ብለው ስልኩን አገላብጠው አዩት። የቤት ስም ለሌለው ሰው የስሙ አነባበብ ብቻ የሚጻፍበት ሌላ መስመር አለ፤ እዚያ አጻጻፉን እየቀያየርኩ እሞክራለሁ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄኛው ነው።

ትልቅ ሰው ሲናገር ፋታ ይወስዳል፤ ሲሪ ግን የጨረሱ መስሎት ያቋርጣቸዋል። በ2022 ከወጣው አይኦኤስ 16 ወዲህ የሲሪን የመጠበቂያ ጊዜ ማርዘም ይቻላል። እኔ ግን የጎን ቁልፉን እመርጣለሁ፤ ተጭነው እስከያዙት ድረስ ያዳምጣል። "እስኪጨርሱ ጣትዎን አያንሱ" እላቸዋለሁ።

አንድሮይድ ስልክ ይዘው በአማርኛ መልእክት መላክ ለሚፈልጉ የጎግል ኪቦርድ አለ፤ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል። ማንበብ ለሚከብዳቸው ግን በዋትስአፕ ድምፅ መላኩ ይበልጣል።

ለአደጋ ጊዜ በድምፅ ትእዛዝ ብቻ አልተማመንም፤ የደነገጠ ሰው ምላሱ ይታሰራል። የጎን ቁልፉንና የድምፅ ቁልፉን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝን አሳያለሁ፤ ለልምምድ ስለሆነ የአደጋ ጥሪው ምልክት ሲመጣ 911 ሳይደወል እንለቃለን። ከዚያ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አስጠናለሁ፦ "አምሃሪክ"፣ አማርኛ ማለት ነው። ይህችን ካሉ የ911 ሠራተኛው አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ማስገባት ይችላል፤ እስከዚያ ስልኩን እንዳይዘጉት አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።