ካርል ዛይስ፤ የእጅ ሙያና የስሌት ኅብረት

ስለ ጀርመናዊው መሣሪያ ሠሪ ስለ ካርል ዛይስ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው፣ ዛይስ በትዕግሥቱ ብቻ ከአንዲት ትንሽ ሥራ ቤት ተነሥቶ ታላቅ ፋብሪካ አቆመ ይላል። ሁለተኛው፣ ሥራው ሁሉ የሊቁ የኤርንስት አቤ ነው፤ ዛይስ ስሙን ብቻ ሰጠ ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ዛይስ በ1816 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቫይማር ተወለደ። በ1834 የና ከተማ ሄዶ ከመካኒኩ ከፍሪድሪክ ኮርነር ዘንድ ሙያ ሲማር፣ ጎን ለጎን በዩኒቨርሲቲው ትምህርት ያዳምጥ ነበር። በ1846 ሥራ ቤቱን ከከፈተ በኋላም ወደ ማይክሮስኮፕ ሥራ እንዲያዘነብል ያበረታታው የዕፅዋት ሊቁ ሽላይደን ነው። እንግዲህ ከጥንቱም ብቻውን አልነበረም።

ሁለተኛው አስተያየት ይበልጥ ያሳስታል። በዚያን ዘመን ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ነበር። ሠራተኛው ምስሉ እስኪጠራ ድረስ አንዱን መስተዋት ከሌላው ጋር እያጣመረ ይለዋውጥ ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ ቤቱ በ1866 ሺህኛውን ማይክሮስኮፕ አወጣ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን በዚህ በረካ ነበር። ዛይስ ግን በዚያው ዓመት፣ ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ፣ የ26 ዓመቱን መምህር አቤን ሌንሱ በስሌት እንዲሠራ እንዲረዳው ጠየቀው። የሙያውን ዳርቻ ማወቁና ይህንንም ሳያፍር መናገሩ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ስሌቱም ወዲያው አልሰመረም። በስሌት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች፣ ብርሃን የሚገባበት ስፋታቸው ጠባብ ስለ ነበረ፣ ረቂቁን ነገር ለይቶ በማሳየት በሙከራ ከተሠሩት አነሱ። አቤ ምክንያቱን ሲመረምር፣ ከሚታየው ነገር የሚበተነው ብርሃን ወደ ሌንሱ ካልገባ ረቂቁ ቅርጽ እንደማይታይ ተረዳ፤ በ1873ም አሳተመው። ስለዚህ ሊቁ ሠራተኛውን ብቻ አላስተማረም፤ የሠራተኛው ሥራም ሊቁን አርሞታል። ከ1872 ጀምሮ የሥራ ቤቱ ሌንሶች በስሌት ይሠሩ ጀመር። ሮበርት ኮህ ባክቴሪያን ሲመረምር የተጠቀመው በዚሁ ሥራ ቤት ሌንስ ነው።

ይሁን እንጂ ውዳሴው ልክ ይኑረው። ዛይስ በ1888 ሞተ። በስሙ የሚጠራውን የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1889 ያቋቋመው፣ በ1900 በፋብሪካው የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን እንዲጸና ያደረገውም አቤ ነው። የአንዱን ምስጋና ለሌላው መስጠት ሁለቱንም መበደል ነው።

ይህ ታሪክ በተለይ እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። ዲግሪ የያዘ ሰው ከመሮ ይዞ ከሚሠራው ለመጠየቅ የሚያፍር ከሆነ፣ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ባለሙያውም ሊቁን የሚንቅ ከሆነ፣ በአባቱ ልክ ሠርቶ ያልፋል። የየና ማይክሮስኮፕ የተገኘው ሁለቱ ሳያፍሩ ስለ ተጠያየቁ ነው።