ቴርሞሜትር ስለ ንጽሕና ምን ያህል ይመሰክራል?

«ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከዚህ ውጪ ከፈላ ግን የተቀላቀለበት ነገር አለ።» ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲህ ነው። እኔም ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። ዛሬ ግን ልተቸው ነው።

እስቲ አዲስ አበባ ላይ የተጣራ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትር ክተቱበት። 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ታዲያ ውሃው አልጠራም ማለት ነው? አይደለም። ፈሳሽ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። 100 የምትለዋ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ናት። ግፊቱን ሳይነግሩ ቁጥሩን ብቻ መስጠት ተማሪው ትክክለኛ ልኬቱን እንዲጠራጠር ያደርገዋል። 92 አንብቦ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔው ነኝ።

በተቃራኒው፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ጨው ብትጨምሩ የመፍላት ነጥቡ 0.1 ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። ምላሳችሁ የለየውን ጨው ቴርሞሜትሩ አያየውም!

ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ንጹሕ ነገር ሲፈላ ሙቀቱ አይነቃነቅም፣ የድብልቅ ግን ይጨምራል» የሚለው ነው። በአብዛኛው እውነት ነው። ኢታኖልና ውሃ ግን ያፈርሱታል። አረቄ ሲወጣ እንደሚደረገው ድብልቁን ደጋግማችሁ ብታተኑና ተኑን ብታቀዘቅዙ አልኮሉ እየበረታ ይሄዳል፤ በክብደት 95.6 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ተኑና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ቅንብር ስላላቸው፣ በዚያው ግፊት ማፍላት ከዚህ በላይ አይለያቸውም። አዚዮትሮፕ የሚባለው ይህ ድብልቅ በ78.2 ዲግሪ ሳይነቃነቅ ይፈላል። ንጹሕ ኢታኖልስ? በ78.4 ገደማ! የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ይህን ልዩነት በቅጡ አይለየውም።

ዘዴው ይጣል አላልኩም። ግፊቱ ታስቦ፣ ሙቀቱ ከሚጠበቀው በጣም ከራቀ ፈሳሹ «ያ አይደለም» ወይም «አልጠራም» ለማለት ይበቃል። «ንጹሕ ነው» ለማለት ግን ብቻውን አይበቃም። ለጠጣር ነገር የመቅለጥ ነጥብ ይሻላል፦ ባዕድ ነገር ሲገባበት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል፣ ቀልጦ እስኪያልቅም ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከፍታ ቦታ መሆንም ብዙ አይለውጠውም።

ዓይን የሚያሳውረው ሜታኖልም ብቻውን ሲሆን በ64.7 ዲግሪ ይፈላል። አረቄ ውስጥ ጥቂቱ ከኢታኖልና ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ግን በ64.7 ለብቻው ተለይቶ አይወጣም፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር አይቶ «ችግር የለውም፣ ጠጡት» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።